ሦስቱ ወራት የአያት ናቸው

አማቴ ከመንዝ የመጡት ሊያርሱኝ ነበር። ባለቤቴ ላምበረት መናኸሪያ ተቀብሎ ሲያመጣቸው አንድ ማዳበሪያ ገብስ፣ አንድ ዕቃ ቅቤና አንድ ዕቃ ማር ይዘዋል። ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ቅቤውንና ማሩን ለማንም ሳይሰጡ ራሳቸው ተሸክመው ወጡ። "ይኼ የልጅቷ ነው" አሉ። ልጅቷ ያኔ የሦስት ቀን ዕድሜ ነበራት።

እማማ እላቸዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመካከላችን ክፉ ቃል አልነበረም። ለእኔ ገንፎና አጥሚት ይሠራሉ፣ ልጅቷን ያጥባሉ፣ ያሻሉ። አንድ ቀን ብቻ በጣታቸው ጫፍ ለጋ ቅቤ ይዘው ሊያውጧት ሲጠጉ፣ "እማማ፣ እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ምንም እንዳትሰጪ ተብያለሁ" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። "እኔ ልጆቼን ያሳደግኳቸው በምን መስሎሽ ነው?" አሉና ቅቤውን አናቷ ላይ ቀቡት። ተሳሳቅን። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

አላለቀም፤ የወሊድ ፈቃዴ ነው ያለቀው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ይፈቅዳል። ጤና ሚኒስቴርም ሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በስተቀር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ፣ ውሃም አይሰጠው ይላሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። አዋጁ በሦስተኛው ወር ወደ ሥራ ይመልሰኛል፣ ምክሩ የሚያበቃው በስድስተኛው ወር ነው። በመካከል ያሉትን ሦስት ወራት ማን ይሞላቸዋል? በብዙዎቻችን ቤት አያት ናት።

የካቲት ላይ ሥራ ገባሁ። ቢሮዬ ሳሪስ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከቤት እወጣለሁ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። ጡቴን አልቤ በንጹሕ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ እሄዳለሁ፤ ቢሮም ምሳ ሰዓት ላይ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ፣ በሩን ከውስጥ ዘግቼ አልባለሁ። እማማ ይህን ነገር መጀመሪያ ሲያዩ፣ "እንደ ላም ታለብሽ እንዴ ልጄ?" ብለው አማተቡ። የታለበው ወተት በቤት ውስጥ ሙቀት ከ4 ሰዓት በላይ መቆየት እንደሌለበት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን እንደሚቆይ፣ በንጹሕ ስኒና ማንኪያ መስጠት ከጡጦ እንደሚሻል አንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ፍሪጁ በር ላይ ለጠፍኩት። ከታች በትልቁ "ውሃ አይሰጥም" ብዬ አሰመርኩበት።

እማማ ማንበብ አይችሉም። ይህን አውቃለሁ። ወረቀቱን የለጠፍኩት ግን እኔው ነኝ።

መጋቢት ላይ፣ ልጅቷ አራት ወር እንዳለፋት፣ ተቅማጥ ያዛት። ሙቀቱ የበረታበት ሳምንት ነበር። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በመጣ ቀን ጀሪካኑን ሞልተን ለሳምንት እንቆጥባለን። በሁለተኛው ቀን ማታ ስመለስ ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ስታለቅስ ድምጿ እንጂ እንባዋ የለም። በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን።

ነርሷ ልጅቷን እየመረመረች፣ "ከጡት ሌላ ምን ትወስዳለች?" አለችኝ።

"ምንም" አልኩ፤ እርግጠኛ ሆኜ።

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዝ አድርገው ዝም አሉ። ከዚያ በቀስታ፣ "ውሃ... ስኳር ጣል አድርጌበት። ሙቀት ሲሆን። ቅቤም አንድ ሁለት ቀን" አሉ።

እዚያው፣ ሰው ፊት ጮህኩባቸው። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ባለቤቴ አንዴ እኔን አንዴ እናቱን እያየ ቆመ። ነርሷ ግን አንዳችንንም አልተቆጣችም። ኦአርኤስ በጠበጠች፣ ዚንክ ሰጠችን፣ ጡት ማጥባቴን እንዳላቋርጥ ነገረችኝ፤ ከዚያም ስኒውንና ማንኪያውን ለእኔ ሳይሆን ለእማማ አቀበለቻቸው። "እናቴ፣ እርስዎ ይስጧት። ቀስ እያሉ፣ በትንሽ በትንሹ" አለቻቸው። እማማ በማንኪያ እየሰጡ ድንገት ቀና አሉ።

"ይኼስ ውሃ አይደለም? ስኳርና ጨው ያለበት ውሃ አይደለም?"

"ነው እናቴ። ግን ተመጥኖ፣ በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ፣ ለታመመ ልጅ ነው። ያልታመመች ልጅ ውሃዋ ጡት ውስጥ አለላት።"

ልጅቷ በሁለት ቀን ተሻላት። ተቅማጡን ያመጣው የጀሪካኑ ውሃ ይሁን፣ ስኒው ይሁን፣ ቅቤው ይሁን ማንም አላረጋገጠም። እኔ ግን ፈርጄ ጨርሻለሁ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ የእማማ ሻንጣ በር ሥር ተቀምጧል። ጠዋት ወደ መንዝ ሊሄዱ ነው።

ያን ማታ ልጅቷን አስተኝቼ ስወጣ እማማ በጨለማ ሳሎን ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

"የበኩር ልጄን ታውቂዋለሽ?" አሉኝ። የማውቀው የበኩር ልጅ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት።

"ከእሷ በፊት ወንድ ነበር። በ77። በዚያ በክፉው ጊዜ። አምስት ወሩ ነበር። እንዲህ እንደ ሚጡ ተቅማጥ ያዘው። የመንደሩ ትልልቅ ሰዎች 'ውሃ አትስጪው፣ ውሃ ይብስበታል' አሉኝ። ልጅ ነበርኩ፣ ሰማኋቸው። ምላሱ ደረቀ። ከንፈሩ ተሰነጠቀ። እንዲያ ሆኖ ሄደ።" ትንሽ ቆዩና፣ "አሁን ደግሞ አንቺ 'ውሃ አትስጫት' ትይኛለሽ። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ልጅቷ ከንፈሯን ትልሳለች። እኔ ደግሞ ልስማ?"

ምን ልበላቸው? ያኔ ያዘዟቸው ሰዎች ተሳስተው ነበር፤ ተቅማጥ የያዘው ልጅ የሚሞተው ፈሳሽ ስለሚጎድለው ነው። እኔ ያልኳቸው ደግሞ ትክክል ነበር። ለእሳቸው ጆሮ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ትእዛዝ ነው። እኔ ምክንያቱን ሳልነግራቸው "አይሰጥም" ብዬ ወረቀት ለጠፍኩ፤ እሳቸውም ምክንያታቸውን ሳይነግሩኝ በድብቅ ሰጡ።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከዚያ የማውቀውን ነገርኳቸው። የእናት ጡት ከመቶው ከ80 እጅ በላይ ውሃ ነው፤ በሙቀት ቀን ሕፃን ቶሎ ቶሎ ሲጠባ እየጠጣም ነው። ትንሹ ሆድ በውሃ ከሞላ ግን ጡቱን ይተዋል፤ ሲተወው ደግሞ ወተቱ ይቀንሳል።

"እንዲህ ብለሽ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?" አሉ።

አልነገርኳቸውም ነበር። ሻንጣው ወደ ቦታው ተመለሰ።

የዚህ ዓይነት ነገር በእኛ ቤት ብቻ እንደማይደርስ በኋላ ነው የገባኝ። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት ከመቶው 58 መሆናቸውን አሳይቷል። የቀሩት እናቶች ሁሉ ምክሩን አልሰሙም ማለት አይደለም። ምክሩ የሚነገረው ለእናት ነው፤ ቀን ቀን ማንኪያውን የሚይዘው ግን ሌላ እጅ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲህ ለክትትልም ለክትባትም ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ እማማ አብረው ይሄዳሉ። ጥያቄውን የሚጠይቁትም እሳቸው ናቸው።

ግንቦት ላይ ስድስት ወር ሞላት። እኔ ከሱፐርማርኬት የታሸገ የሕፃን ምግብ ገዝቼ ገባሁ። እማማ ካርቶኑን አገላብጠው አዩና ወደ ማዳበሪያቸው ሄዱ። ገብሱን ፈትገው፣ ስንዴ፣ አጃና ሽምብራ ጨምረው፣ ቆልተው፣ አስፈጭተው ምጥን አዘጋጁ። ከምጥኑ ወፈር ያለ ገንፎ ሠርተው ለነርሷ ሊያሳዩዋት በትንሽ ዕቃ ይዘው ሄዱ። ነርሷ በማንኪያ ዘቅዝቃ አየችው። "በጣም ጥሩ ነው፣ አይፈስም። እንቁላልና የተፈጨ አትክልትም እያፈራረቁ ይጨምሩበት። ትንሽ ቅቤም ጣል ያድርጉ፣ ኃይል ይሰጣታል" አለች።

እማማ ቅቤ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ወደ እኔ ዞሩ። ምንም አላሉም። ማለትም አላስፈለጋቸውም።

እኔም ያኔ ነው የገባኝ። አራት ወር ሙሉ ስንጨቃጨቅበት የነበረው ያ ቅቤ ያው ቅቤ ነው፤ ያልደረሰው ወሩ ነበር። እማማ ምኑን እንደሚያበሉ ያውቃሉ፣ እኔ ደግሞ መቼ እንደሚበላ ተነግሮኛል። ሁለቱ እውቀት አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠው አይነጋገሩም ነበር።

ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ሲገባ እማማ ለልጅቷ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለይተው አስቀመጡ፤ እሳቸው እየጾሙ የእሷን እንቁላልና ቅቤ አዘጋጁ። "ሕፃን አይጾምም፤ ዕቃ ይነካካል ብዬ ልጅ አላስርብም" አሉኝ። ይህንን ማንም ወረቀት ላይ ጽፎ አልለጠፈላቸውም።

አሁን የቀረን የማሩ ጉዳይ ነው። እማማ ሳል በጀመራት ቁጥር ወደ ማሩ ያያሉ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተሐዋሲ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ሊፈጥር እንደሚችል፣ ከዓመት በኋላ ግን አንጀቱ እንደሚጠነክር በዚህ ጊዜ በቃሌ ነገርኳቸው። አልተዋጠላቸውም። ለነርሷም ጠየቋት፤ ያንኑ ነገረቻቸው። "እንግዲህ እስከ ኅዳር ነዋ" ብለው ማሩን በጨርቅ አሥረው ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀሉት።

ፍሪጁ በር ላይ የነበረውን ወረቀት አንስቼዋለሁ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ እማማ በር ላይ ልጅቷን ታቅፈው ይሸኙኛል። "ዛሬ ምን ትብላ?" የምላቸው እኔ ነኝ።