የዕቃ ቤቱ መዝገብ

ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ አዳሚ ቱሉ

የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ልዘጋ ስል አንድ ወጣት ዲያቆን መጣ። የደብሩ አስተዳዳሪ የብራና መጻሕፍቱን እንዲመዘግብ አዘውታል፤ ከየት እንደሚጀምር ግን ጨንቆታል። «ቲቸር፣ እናንተ ለመጽሐፍ ቁጥር የምትሰጡት እንዴት ነው?» አለኝ። የእኛን መጻሕፍት ማኅተም መትተን ጀርባቸው ላይ ቁጥር እንለጥፋለን። ብራና ግን ማኅተምም ሙጫም አይነካውም፤ ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ በክር ይታሰርበታል አልኩት።

ሌላም ነገር ነበረው። ዕቃ ቤቱ ተባይ ገብቶበታል፤ ዘመዱ መድኃኒት አምጥቶ ሊረጭለት ነው። ፀረ ተባይ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ስለምንኖር ይሆን፣ መርጨት ይቀናናል! ተው አልኩት። መጽሐፉን ቄሱ በእጃቸው ይገልጡታል፤ ምእመኑ በከንፈሩ ይሳለመዋል፤ መርዙም እዚያው ቅጠሉ ላይ ይቀራል። ይልቅ ቤቱን ይጥረጉት፣ ያናፍሱት፣ መጻሕፍቱን ከወለል ያንሱ፣ የእህል ጆንያውንም ሌላ ቦታ ይፈልጉለት።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ለጽዮን ንግሥ ከባቱ በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ተሻገርን። ከዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ትልቋ ናት፤ ደብረ ጽዮንም ይሏታል። አባቶች እንደሚሉት በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናቱ ታቦተ ጽዮንንና መጻሕፍትን ይዘው ከአክሱም ወደዚህ ተሰደዱ፤ ታቦቱም 70 ዓመት ያህል ቆይቶ ተመለሰ። የታሪክ ሰዎች ይከራከሩበት። ደሴቷ ጥንታዊ ብራናዎችን ይዛ መቆየቷ ግን አያከራክርም፤ የዘይ ሕዝብ ከሐይቁ መሐል ሆኖ ጠብቋቸዋል። በጣናም እንዲሁ ነው፤ በጦርነት ዘመን መጻሕፍት ወደ ውሃው መሐል ሸሽተው ተርፈዋል።

ጀልባው ላይ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ ብራና ሁሉ አዲስ አበባ ገብቶ በመስታወት ሥር ቢቀመጥ ይሻላል ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ታዲያ ማን ይጸልይበታል ልጄ?» አሉ። ልክ ናቸው። እኔ የለመድኩት የአያያዝ ደንብ አንባቢን ከመጽሐፉ ማራቅ ይወዳል፤ እዚህ ግን መጽሐፉ ሥራ ላይ ነው።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ወደ ዲያቆኑ ደብር ሄድኩ። የደብሩን ስም አልጽፍም። ዕቃ ቤቱ ተጠርጓል። የመዝገቡን ሥራ በአንድ ዳዊት ጀመርነው፤ ገበታው ከመሐል ተሰንጥቆ በሽቦ ተጠግኗል፣ በድጉሱ ላይ የተተኮሰው መስቀል በእጅ ብዛት ሊጠፋ ምንም አልቀረው። የብራናው ጠርዝ ላይ ጸሐፊው መስመር ለማውጣት በወስፌ የወጋቸው ቀዳዳዎች በረድፍ ይታያሉ። ዲያቆኑ ቅጠሉን ሊቆጥር ጣቱን በምራቁ ሲያርስ እጁን ያዝኩት። ጓንት አያስፈልግም፤ ታጥቦ የደረቀ እጅ ይበቃል።

ቀጥሎ ወንጌሉ መጣ። ከማርቆስ ፊት አንድ ቅጠል የለም። እንደ ተቀደደ አልተበጫጨቀም፤ ከስፌቱ አጠገብ ቀጥ ብሎ በምላጭ ተቆርጧል። ቄሰ ገበዙ ጎንበስ ብለው አዩት። «ሥዕል ነበረው። ልጅ ሳለሁ አይቼዋለሁ» አሉ። መቼ ጠፋ? ቁመቱ ስንት ነበር? ሥዕሉስ ምን ይመስል ነበር? የተጻፈ የለም። ዛሬ ያ ቅጠል በአንድ ሱቅ ተሰቅሎ ቢገኝ የእኛ ነው የምንልበት ምንም ማስረጃ የለንም።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ያ ቅጠል ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች ከመቅደላ ዘርፈው ካጋዙት ውስጥ 350 ገደማ ብራናዎች የብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዊልያም ራይት የሚባል ምሁር ዝርዝራቸውን እ.ኤ.አ. በ1877 አሳተመው። ዛሬ የእኛ ነው ብለን በስም የምንጠራቸው ወራሪው ስለ መዘገባቸው ነው፤ ይህ ያበሳጨኛል። የጻፈው ግን ጻፈ።

መመዝገብ ደግሞ ከውጭ የተማርነው ነገር አይደለም። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ በሰጡት ወንጌል ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎበታል። በየደብሩም የመሬቱ፣ የጽዋው፣ የመስቀሉ ቁጥር በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ይሰፍር ነበር፤ የሰረቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን እንዲወገዝም ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ደግሞ ቤተ ክህነትና በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለ የአንድ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተባብረው ከ9,000 በላይ ብራናዎች በማይክሮፊልም አነሡ፤ አንዱ ቅጂ እዚያ፣ አንዱ አዲስ አበባ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ዕድሜያቸውን በዚህ ዝርዝር ሥራ ጨረሱ። የዲያቆኑ ደብር መጻሕፍት ከእነዚያ ውስጥ የሉም።

ዲያቆኑ ማታ ደውሎ ዳዊቱንና ወንጌሉን በደብተር አስፍሮ ገድሉን መጀመሩን ነገረኝ። በደብራችሁ፣ በመስጊዳችሁ ወይም በአያታችሁ ሳጥን የእጅ ጽሑፍ ካለ፣ ባለሙያ እስኪመጣ አትጠብቁ። ቁመቱንና ወርዱን በሴንቲ ሜትር ለኩ፤ ቅጠሉን ቁጠሩ፤ የጎደለውንም ጻፉ፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅጠል ቃል ገልብጡ፤ ሥዕል ካለው በስልካችሁ አንሡት። ደብተሩን ሁለት አድርጉና አንዱን ከመጽሐፉ ቤት ውጭ አስቀምጡ።