የተከራይ ጓሮ

ሰው በጓሮው የተከለውን ያየ ሰው፣ ባለጓሮው እዚያ ቦታ ስንት ጊዜ ለመቀመጥ እንዳሰበ መገመት አያቅተውም። ይህን ያወቅሁት ከእናቴ ጓሮ ነው።

በወላይታ ገጠር ከቤቱ አጠገብ ያለው መሬት ዳርኩዋ ይባላል። ፍጉ የሚጣለው እዚያ ነው። ኡታው፣ ማለትም እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጎደሬው፣ ጎመኑ ተጠጋግቶ የሚያድገውም እዚያው ነው። እንሰት ተተክሎ እስኪፋቅ አራትም አምስትም ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ጓሮው ውስጥ እንሰት ያቆመ ሰው «እኔ እዚሁ ነኝ» ብሎ የፈረመ ያህል ነው። ተከራይስ ምን ብሎ ይፈርም?

እኛ ሶዶ ውስጥ ተከራዮች ነን። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ ሰፈር ሁለት ክፍል የጭቃ ቤትና ከጀርባው ስምንት እርምጃ በአሥር እርምጃ የምትሆን መሬት ይዘን ዘጠኝ ዓመት ኖረናል። ገና ስንገባ ባለቤቱ አንድ ነገር አስጠንቅቀውን ነበር፦ ቋሚ ተክል እንዳትተክሉ። ነገሩ ያኔ አልገባኝም። በኋላ ነው የተረዳሁት። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ከመሬቱ ላይ ተነሣ የተባለ ሰው ካሳ የሚጠይቀው ለሠራው ቤትና ላለማው ቋሚ ተክል ነው። በዚህ አገር መትከል ማለት «የኔ ነው» ማለት ነው። እናም እናቴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንሰት ሳትተክል ኖረች። ዘጠኙ ዓመት በሦስት በሦስት ወር ተቆራርጦ በጎመንና በሰላጣ አለቀ።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ሰፈራችን ቤት ፈላጊ በዛበት። ባለቤቱ ባለፈው የካቲት መጨረሻ ላይ መጡ፤ ቡና ጠጡ፤ ከዚያም ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ቤቱን አፍርሰው ሊሠሩ ማሰባቸውን ነገሩን። ክፉ ሰው አይደሉም። ቤቱ የራሳቸው ነው። ሦስት ወር ተኩል ሰጡን።

በማግስቱ አባቴ ቤት ፍለጋ ወጣ፤ እናቴ ዶማ አነሣች። አባቴ ማታ ሲመለስ መሬቱ ግማሽ በግማሽ ተገልብጦ አገኘው።

«እንዴ! የምንለቀውን መሬት ትቆፍሪያለሽ?» አላት።

«በልጉ እኛ እስክንረጋጋ አይጠብቅም።»

«ለሰው ነው እኮ የምትደክሚው!»

«ሰው አይበላም እንዴ?»

ክርክሩ በዚህ አላበቃም፤ ሳምንት ሙሉ ራት ላይ ቀጠለ። የአባቴ ነገር ከንቱ አልነበረም። ቤት ፍለጋ ጉልበት ይፈልጋል፤ ዘር ገንዘብ ነው፤ ደላላ ደግሞ ዱቤ አያውቅም። ግን እናቴም በስሜት ብቻ አልተነሣችም፤ ሒሳቧን ይዛ ነበር። ሰላጣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይበቃዋል። ጎመንና ቆስጣ በሁለት ወር ገደማ ቅጠላቸው ይለቀማል። ቀይ ሥርና ካሮት ወደ ሦስት ወር ይጠጋሉ፤ ቶሎ ከተዘሩ ይደርሳሉ። ድንች ሦስት ወር ተኩልም አራትም ይል ይሆናል፤ አያስተማምንም፤ ይቅር። ስኳር ድንች አራትና አምስት ወር፤ ይቅር። ጎደሬ ከግማሽ ዓመት በላይ፤ ይቅር። እንሰትን ስሙንም አላነሣችው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ብዙ የጊዜ ሰሌዳ አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አላየሁም።

እውነቱን ለመናገር፣ ከመልቀቅ በፊት መትከል በቤታችን ወግ ነው። በ1962 ዓ.ም. ግድም ሥራውን የጀመረው፣ ዋዱ እየተባለ የሚጠራው የወላይታ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ መሬት ከጠበበበት ደጋ ገበሬዎችን ወደ አበላና ወደ በሌ ቆላ አውርዶ አስፍሮ ነበር። ወደ አበላ ከወረዱት አንዱ የእናቴ አባት ነው። አያቴ ሊወርድ ሲል አንድ ያልደረሰ እንሰት ቆረጠና አሚቾውን ከፍግ ጋር በወንድሙ ጓሮ ቀበረው። እንሰት እንዲህ ነው የሚራባው፦ አናቱ የተቆረጠ አንድ አሚቾ አፈር ከለበሰ ወራት በኋላ ዙሪያውን ችግኝ ይፈላበታል። እሱ ቆላ ወርዶ በቆሎ ሲዘራ ችግኙ ደጋ ላይ ቀረ። በ1977 ዓ.ም. የረኃብ ጊዜ እሱም ወንድሙም ከዚያ እንሰት ዘር እንደበሉ እስኪሞት ድረስ ይተርክ ነበር። «ትቼው የሄድኩት ነው ያኖረኝ» ይል ነበር ይላሉ።

የእኛ ጓሮ እንኳን ያን ያህል አልነበረም። ግንቦት ላይ ግን ጎመኑ እንደ ጉድ ያዘ። ዝናቡም አልከፋም። እናቴ በየሁለት ቀኑ እያሰረች ገበያ አወጣችው። ዕቃችንን የጫነው ጋሪ የተከፈለው ከዚያ ሽያጭ ነው፤ አባቴም ይህን ሲያውቅ ዝም አለ፤ እሱ ዝም ካለ ተስማምቷል ማለት ነው።

ቤት የለቀቅን ዕለት ጠዋት ታናሽ ወንድሜ ጎመኑን ከነሥሩ ሊነቅል ጀመረ። «ለማን ልንተወው ነው? ነገ ሊፈርስ!» አለ። እናቴ እጁን ያዘችው። «ጎመን ይለቀማል እንጂ አይነቀልም።» ከዚያ እንደ ማንኛውም ቀን ጎንበስ ብላ የታችኛውን ቅጠል ለቀመች፤ መሐል ያለውን ለጋውን ተወችው። ጎመን እንዲህ ከያዙት ወር ከወር ይሰጣል። ሁለት እስር ወጣው። አንዱን ለጎረቤት ሰጠች፤ አንዱን ይዛ ጋሪው ላይ ወጣች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያ ሳልፍ ቤቱ ጣራው ተነሥቶ ነበር። አንድ የግንባታ ዘበኛ በሦስት ድንጋይ ላይ ድስት ጥዶ ጎመን ይቀቅላል። «ባለቤቱ ማን እንደሆነ እንጃ፣ ግን ደግ ሰው ነው» አለኝ። ባለቤቱ እኛ ነን ልለው ፈለግሁ። ግን በየትኛው ውል? በየትኛው ካርታ? ዝም ብዬ «ይጣፍጥልህ» ብዬው አለፍኩ። አንድ ነገር ግን ልቤ ውስጥ ቀረ። ያ ሰው ስለ መሬቱ ሳይሆን ስለ ጎመኑ ባለቤት ነበር የተናገረው፤ እናቴን የጎመኑ ባለቤት እንዳትሆን የሚከለክል ሕግ ደግሞ የለም።

አዲሱ ቤታችን ግቢው ሲሚንቶ ነው። እናቴ አፈር በጆንያ አስመጥታ ቆስጣ ዘርታበታለች።

እናንተ በየዶርሙ ያላችሁ ጓደኞቼ፣ እኛም እኮ ተከራዮች ነን። ቁልፍ ተቀብለን ገብተናል፤ ቁልፍ መልሰን እንወጣለን። ሁላችንም ቀኑን እየቆጠርን «አራት ዓመት ምን አላት» እንላለን። አራት ዓመት ግን ሰላጣ አይደለም። በወላይታ አቆጣጠር አራት ዓመት አንድ እንሰት ነው።