ጋቢና

የሥራ መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ ተሠርቶ ያለቀ ይመስላል። ይሁንና ፋብሪካው የሚሠራው ለማያውቀው ሠራተኛ፣ ለማያውቀው ቁመት፣ ለማያውቀው አየር ነውና ቀሪውን የሚፈጽመው በመሣሪያው የሚገለገለው እጅ ነው። ሸማኔ የእግሩን ጉድጓድ በራሱ ቅልጥም ልክ ይቆፍራል፤ ገበሬ ሞፈሩን ከበሬዎቹ ቁመት ጋር ያስማማል። የጭነት መኪና ሾፌራችንም ጋቢናውን በመጋረጃ፣ በዘርፍና በጥቅስ አስጊጦ የመንገድ ቤቱ ያደርገዋል። ጋቢና የሚለውን ቃል ከጣሊያንኛ ወስደን የግላችን ካደረግነው ቆይተናል። ስለዚህ ቃል በአዲስ ዓይን እንዳስብ ያደረገኝ ግን ከአገራችን እጅግ የራቀ የበረዶ ምድር ነው።

የዩናይትድ ስቴትስ ሰሜናዊ ግዛት የሆነችው ሚኒሶታ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ናት። በእኛ ዘንድ ክረምት ሲባል የሚታሰበን ዝናብ፣ ጭቃና የጉም ጠዋት ነው። በዚያ ግን ክረምት ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚዘልቅ፣ አንዳንዴም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን አልፎ የሚወርድ ቅዝቃዜ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 31 ቀን 1991 ጀምሮ ለቀናት በዘለቀው ውሽንፍር በሚኒያፖሊስ 72፣ በዱሉት ከተማ ደግሞ 94 ሳንቲ ሜትር ያህል በረዶ ወርዷል። እንደ ጠጠር የሚወርደውንም ሆነ እንደ ጥጥ ባዘቶ የሚንሳፈፈውን በአንድ ስም በረዶ ብለን የምንጠራ ሰዎች፣ በዚያ ስንኖር ከቃሉ በፊት ክብደቱን እንማራለን።

በዚያች ግዛት አንድ የሥጋ ዘመድ አሉኝ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በአጠገባቸው የሚኖሩ አንዲት አሮጊት በሳምንት 3 ቀን ለኩላሊት እጥበት ወደ ሐኪም ቤት ይሄዳሉ። እጥበቱ ቀጠሮ አያሳልፍም፤ በረዶውም ቀጠሮ አያከብርም። አውራ ጎዳናውን የከተማው መኪና ይጠርገዋል፤ ከጎዳናው እስከ ደጃፍ ያለው መንገድ ግን የቤቱ ባለቤት ዕዳ ነው። ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሜትር በሆነ መግቢያ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር በረዶ ቢወርድ 20 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንዱ ሜትር ኩብ 100 ኪሎ ቢመዝን እንኳ ድምሩ 20 ኩንታል ነው። ርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ጋሼን ልባቸው አካፋ እንዳያነሡ ከልክሏቸዋል። ስለዚህ ያገለገለ የጓሮ ትራክተር ገዝተው፣ በረዶውን እየዛቀ ወደ ጎን የሚተፋ መሣሪያ ከፊቱ ገጠሙለት።

ይህ ትራክተር በመሠረቱ ለሣር ማጨጃና ለጓሮ ሥራ የታሰበ ነው። ነጂው የሚቀመጠው በሜዳ ላይ ነው፤ በበጋ ፀሐይ መልካም፣ በክረምት ግን ቅጣት። ነፋሱ ሲዞር የተተፋው በረዶ ተመልሶ የነጂውን ፊት ይመታል፤ ዓይን ይታወራል፤ ጣት ይደነዝዛል።

በመጸው ወራት ልጎበኛቸው ስሄድ ጋቢናውን ሲጀምሩ ደረስኩ። ከሁሉ አስቀድመው ወፍራሙን ካፖርታቸውን ደርበው፣ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው በወንበሩ ላይ ተቀመጡና ሜትሩን ለእኔ ሰጡኝ። ከጉልበታቸው እስከ መሪው፣ ከትከሻቸው እስከሚታሰበው ግድግዳ፣ ዞረው ወደ ኋላ ሲመለከቱ ክርናቸው የሚደርስበትን ሁሉ ለካሁ። አጽሙን ከአራት ማዕዘን የብረት ቱቦ በየዱት። የፊት መከለያው መስተዋት ሆነ፤ ፕላስቲክ ቢሆን በመጥረጊያው እየተፋቀ ይደበዝዛልና። ለጎኑ የመረጡት ፖሊካርቦኔት የተባለውን ፕላስቲክ ሲሆን፣ ምክንያታቸው በብርድ እንደ አክሪሊክ ቶሎ የማይሰነጠቅ መሆኑ ነው። በሩ በግራም በቀኝም ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ በር ቢሆን ሥራ አይቀንስልዎትም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ መኪና የሚገለበጥበትን ጎን አስቀድሞ አይነግርህም» አሉኝ።

ትልቁ ጣጣ ሙቀት ነበር። 150 ዋት የሚወስድ ማሞቂያ በ12 ቮልት ባትሪ ላይ 12.5 አምፔር ይጠይቃል፤ የትንሽ ሞተር ዲናሞ ይህን ከመብራትና ከመጥረጊያ ጋር አብሮ መሸከም ይከብደዋል። የሞተሩን ትኩስ አየር ወደ ውስጥ መሳብ ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ከአየሩ ጋር ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ማሞቂያውን ትተው ነፋስ መግቢያውን ደፈኑ፤ ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ በቱቦ ከጋቢናው አራቁት፤ አየር መለወጫ ክፍተት ተዉ፤ ጋዙ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያም ከራስጌ ሰቀሉ። ከፊት የተጫነውን ለማመዛዘን ከኋላ ክብደት አሠሩ፤ በጎማዎቹም ላይ ሰንሰለት አጠለቁ። በጥር ወር ስደውልላቸው አሮጊቷ አንድም ቀጠሮ እንዳልቀረባቸው ነገሩኝ።

ከዚህ ጋር በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ሀገር ሰው የነበረውን የጆዜፍ አርማን ቦምባርዲዬን ታሪክ ማንሣት ይገባል። ይህ መካኒክ ከወጣትነቱ ጀምሮ በበረዶ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ ለመሥራት ይሞክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 የ2 ዓመት ልጁ በሆድ ዕቃ ብግነት ታመመ፤ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ስለነበር ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። በ1937 ሰባት ሰው የሚይዝ፣ ዙሪያው የተከደነ የበረዶ ተሽከርካሪ አወጣ፤ በኋላም 12 ሰው የሚይዘው ተከተለ። ሐኪም፣ ሕመምተኛና ተማሪ በእነዚህ ጋቢናዎች ተጉዘዋል። አባቱ ያጣውን መንገድ የሌሎች ልጆች አገኙት።

እኔ በሙያዬ የመድረክ ሰው ነኝ። በመድረካችንም ሆነ በሸራችን ላይ ሠራተኛው መዶሻ አንሥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ሲቆም ለዘመናት አይተነዋል። የት እንደሚቀመጥ፣ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመታው፣ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጋጭ እንደሆነ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን። ጋሼ በአንዲት ትንሽ ትራክተር ላይ ያደረጉት፣ ደራሲ ለገጸ ባሕርይው፣ መምህር ለተማሪው፣ የሥራ ኃላፊም ለሠራተኛው ሊያደርገው የሚገባ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰውዬውን ካፖርታውን እንደለበሰ አስቀምጦ መለካት። ስለ ሠራተኛ የምንጽፍ ሁሉ ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት ሜትሩን እናንሣ።