አራተኛው ስም

የአባዬ አርባ በወጣ ማግስት አጎቴ ከጋቢው ሥር የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ። በኮምፒውተር የተጻፈ፣ የአባዬ ፊርማ ያለበት፣ ሁለት ምስክሮች የፈረሙበት። የነቀምቴው ቤት ለእኔ ለበኩሩ፣ ዲጋ ያለው ቡናና ማንጎ እዚያው ለሚያርሰው ታናሽ ወንድሜ፣ ለእህቴ ሁለት ላም። ሲነበብ ማንም ትንፍሽ አላለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አዲስ አበባ በየስድስት ወሩ ኪራይ የሚጨመርበት ሰው ይገባዋል።

ጠበቃ እንዴት እንደሚፈለግ ግን አላውቅም ነበር። ነቀምቴ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው አቤቱታ ከሚጽፉት አንዱ «ጠበቃ ምን ያደርግልሃል፣ የወራሽነት ማስረጃ ከሆነ እኔው እጽፍልሃለሁ» አለኝ። ስለቤቱ ሲሰማ ሐሳቡን ቀየረና አንድ ጠበቃ ጋ ወሰደኝ። ጠበቃው ወረቀቱን ሳያነብ ከቤቱ ዋጋ ሃያ በመቶ ጠየቀኝ። ሁለተኛዋን ያገኘኋት የወራሽነት ጉዳዩዋን በቅርብ ከጨረሰች የድሮ ክፍል ጓደኛዬ ነው። የጥብቅና ፈቃዷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ምን ሠርታ ስንት እንደምትቀበል በጽሑፍ ውል አደረገችው። ከገንዘቡ በፊት ግን ጥያቄ ነው የጀመረችው።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«የአጎቴ ልጅ፣ አባዬ እየነገረው።»

«ሲነበብ ስንት ሰው ነበር?»

«የፈረሙት ሁለቱ።»

ወረቀቱን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ያኔ ነው የገባኝ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛሬም የውርሳችን ሕግ ነው። በእሱ መሠረት ኑዛዜ ወይ ተናዛዡ ራሱ፣ ሙሉውን ጽፎ፣ ቀን አኑሮ የፈረመበት መሆን አለበት፤ ወይ ደግሞ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ የተፈረመ። ሁለት ምስክር የሚበቃው አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ነው። «በቃሉም ተናግሯል እኮ» አልኳት። የቃል ኑዛዜ ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው፤ ለአንድ ሰው ሊሰጥበት የሚችለው ደግሞ ቢበዛ 500 ብር። ዛሬ በ500 ብር ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ።

ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። በኩር የለ፣ ወንድ የለ፣ ሴት የለ።

«እማዬስ?»

«እናትህ ወራሽ አይደለችም።» ደንግጬ ሳያት ቀጠለች፤ «ግማሹ የራሷ ነዋ! በትዳር ያፈሩት መጀመሪያ ለሁለት ይከፈላል። ውርስ የሚባለው የአባትህ ግማሽ ብቻ ነው።» እኔ የነቀምቴውን ቤት ሙሉውን በልቤ ቀለም ቀብቼው ነበር። የዲጋው መሬት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ነው፣ እሱም በክልሉ የመሬት ሕግ ይታያል። ወንድሜ የሚኖረው በዚያ መሬት ስለሆነ እሱን ለብቻው እንየው አለች።

ከዚያ ብዕሯን አነሳች። «ልጆቹ ስንት ናችሁ?»

«ሦስት።»

«ከጋብቻ ውጭስ?»

እንደ ስልክ ቁጥር ነው የጠየቀችኝ፤ ምናልባት ሁሉንም ሰው ትጠይቃለች። እኔ ግን መልስ አልመጣልኝም። ጊምቢ አንዲት ሴት አለች። ለቀብር መጥታ ከጎረቤቶች ጋር ነው የተቀመጠችው፣ ከእኛ ጋር አይደለም። መታወቂያዋ ላይ ያለው የእናቷ አባት ስም ነው። አጎቴ «እሷን እንዳታነሳ» ብሎ አስጠንቅቆኛል፤ ወረቀት የላትም፣ ማን ይሰማታል?

«አንዲት አለች» አልኩ በመጨረሻ።

ጠበቃዋ አልገሠጸችኝም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም እኩል እንደሚወርስ፣ እሷን ደብቀን የምናወጣው ማስረጃ ሊሰረዝ እንደሚችል፣ መብቷንና ንብረቱ በእኛ እጅ መሆኑን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት መክሰሻ ጊዜ እንዳላት ነገረችኝ። «አባትነቱን ግን ማስረዳት አለባት። ምስክር ያስፈልጋታል፤ ዕድሜ ያለው፣ ቤተሰቡን የሚያውቅ።»

ማን እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል።

በዚያው ቀን በጊምቢ መንገድ በሚኒባስ ዲጋ ገባሁ። እማዬ ደጅ ላይ ቡና ትለቅማለች። ስነግራት እጇ አላቆመም። «እኔ ላይ የተወለደችውን እኔ ልመስክርላት?» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። ማታ እራት አልበላችም። ለሦስት ሳምንት ስደውልላት ስልኩን ለወንድሜ ትሰጠዋለች። አጎቴማ የዘር ጠላት አድርጎኛል፤ እስካሁንም ሰላምታው በግድ ነው።

የቀጠሮው ቀን እማዬ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ወንድሜ እየደገፋት መጣች። ሊያመጣት ይሁን ሊከለክላት እስከ መጨረሻው አላወቅሁም። እህቴም መጣች። የጊምቢዋ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። እማዬ አላየቻትም፣ ወይ ያላየች መሰለች።

ዳኛው በኦሮምኛ ጠየቋት፤ ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ?

«ኢንተላ ኢሳቲ» አለች። የእሱ ልጅ ናት።

«በምን አወቅሽ?»

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። «ስትወለድ ለእናቷ የአራስ ቅቤ የላክሁት እኔ ነኝ። እሱ ማን እንደላከው አያውቅም ነበር።»

የጊምቢዋ ያኔ ቀና አለች።