በጎጃም ደጋ ብቻ የምትገኝ እንቁራሪት

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫና በጅጋ በኩል የሚጓዝ መንገደኛ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ አገሩ ዝቅ ብሎ ሙቀት ይሰማዋል፤ ከዚያም ማንኩሳን (ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ስሟን ያስጠሯት ማንኩሳ ናት) አልፎ ወደ ቡሬ ሲወጣ ደጋው ቀስ በቀስ ይቀበለዋል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ስትኾን ቡሬ ከ2,000 ሜትር ታልፋለች። ይህን መጥቀሳችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዛሬ የምንጽፍላት ፍጥረት ከ2,000 ሜትር ወዲያ ባለው የጎጃም ደጋ የምትኖር ናትና።

ይህች ፍጥረት ትንሽ እንቁራሪት ናት። ለሊቃውንት ያስታወቃት እንግሊዛዊው ማልኮም ላርገን ሲኾን፥ በ1977 በፈረንጅ አቆጣጠር ስለ እርሷ ጽፎ የባልንጀራውን የዴሪክ ያልደንን ስም አወጣላት። ያልደን በ1968 ዓባይን ተከትሎ ከወረደው የእንግሊዞች ጉዞ ጋራ መጥቶ የአገራችንን አራዊት ያጠና ሰው ነበር።

ፈረንጆች ሰላማንደር የሚሉት ጅራታም የእንቁራሪት ዘመድ ከሰሐራ ወዲህ ባለው አፍሪካ የለም፤ በእኛ አገር የእርጥቡን ምድር ጤንነት የምታስታውቀው እንቁራሪት ናት። ቆዳዋ ስስ ስለ ኾነ ውሃም አየርም ያልፍበታል፤ ድርቅና መርዝ ፈጥኖ ያገኛታል። የዚህ ወገን እንስቶች እንቁላላቸውን የሚያኖሩት በውሃ ውስጥ ሳይኾን በወንዝና በረግረግ ዳር አፈር ቆፍረው ነው። ዝናም ሲበረታ ግልገሎቹ ተፈልፍለው ወደ ውሃው ይወርዳሉ። እንግዲህ ሞፈሩ እስከ ውሃው አፋፍ ሲደርስ የሚገለብጠው ሣሩን ብቻ አይደለም።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ከጥንቱ ደን የተረፈው አብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው፤ ወይራው፥ ጽዱ፥ ዋንዛው በቅጥር ታቅፎ ቆሟል። ከቅጥሩ ወዲያ እርሻና ባሕር ዛፍ ነው። እንቁራሪቷ በሣር ሜዳና በቁጥቋጦም ትኖራለችና ጥልቅ ደን የግድ አያስፈልጋትም፤ የሚያስፈልጋት የማይደርቅ ጨፌ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ግን ከምንጭ ዳር ሲተከል መሬቱን ያደርቃል። ገበሬውን አንወቅሰውም፤ ማገርና ማገዶ የሚያገኘው፥ ለልጁ ትምህርት የሚሸጠውም ከእርሱ ነው። ብቻ ባሕር ዛፉ ለጭንጫው ይኹን፥ ጨፌው ለሣርና ለከብት ይቅር እንላለን።

ልጆች እንቁራሪት በድንጋይ ሲመቱ የሚያዩ ወላጆች ቢከለክሏቸው መልካም ነው። ትንኝና ፌንጣ ለቅማ የምታድር እንስሳ ናት፤ በክረምት ማታ ከጨፌው የሚሰማውም ጩኸት ወንዱ እንስቲቱን ሲጠራ ነው።