የትንሹ ባቡር ልክ

በወልቂጤና በቡታጅራ የባቡር ሐዲድ አልተዘረጋም። ስለዚህ የዚያ አገር ልጅ በድሬዳዋ በኩል ያልፍ የነበረውን የቀድሞውን ባቡር መልክ ሊያውቅ ቢወድ፣ የሚቀርበው በብልህ እጅ የተሠራ ትንሽ አምሳያ ነው።

ትንሹን መሥራት ግን ከትልቁ ያላነሰ ትዕግሥት ይጠይቃል። የዚያ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ አምሳያው ከ87 አንድ እጅ ሆኖ ሲሠራ 12 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። በዚህ መጠን ጥቂት ስሕተት መንኰራኵሩን ከሐዲዱ ያወጣዋል።

ሠሪውስ ልኩን ከወዴት ያገኛል? ከራሱ ከአሮጌው ባቡር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፈቀዱት ይህ መንገድ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ፤ በኋላም በ2009 በተመረቀው ሰፊ ሐዲድ ተተካ። በድሬዳዋ የጥገና ቤት የነበሩ ባለሙያዎች፣ ከውጭ መምጣቱ የቀረውን ዕቃ በገዛ እጃቸው እየቀረጹ ባቡሩን ለብዙ ዘመን አቆዩት።

እንግዲህ የቀረውን ፉርጎ ዝገት ሳይበላው ልኩን መውሰድ፣ የሚጠገነውንም መጠገን ይገባል፤ ትልቁ ከጠፋ በኋላ የትንሹን ስሕተት የሚያርም አይገኝምና።