የአባት ፒፓ

ናይሮቢ የሚኖረው ጡረተኛ ከአባቱ የወረሰው አንድ ፒፓ ነው። አባትየው ከአጥር ውጭ ቆመው ያጨሱ ነበር። ትንባሆ በቤተ ክርስቲያን የተነቀፈ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛም አጥብቀው የከለከሉት ነበርና፣ ጸሎተኛ ሚስት ላለቻቸው ሰው ሌላ ቦታ አልተገኘም። ልጅ ያንን ሽታ ፍለጋ በስተርጅና ጀማሪ ሆነ።

ደረቅ ቅጠል ሲነኩት ይፈረፈራል። ውኃ እፍ ብለውበት እንደ ለፋ ቆዳ እስኪለሰልስ መታገሥ፣ የመካከሉን አውራ ጅማት መግፈፍ፣ ከዚያም ደራርቦና ጠቅልሎ እንደ ጎመን ማቅጠን ያስፈልጋል። በጋለ አየር የሚደርቀው ቨርጂኒያ ስኳር አለው፤ በጥላ የሚደርቀው በርሌይ ስኳሩ እጅግ ጥቂት ነው፣ ጉልበቱ ግን ብርቱ። ሦስት እጅ ቨርጂኒያ ከአንድ እጅ በርሌይ ቀላቅሎ በመስታወት ዕቃ ከደነው። ውኃ አብዝቶ ኖሮ ሻገተ፤ ሁሉንም ጣለው። (የሻገተ ትንባሆ ተራግፎ አይጨስም።)

ሁለተኛውን ሳይቸኩል አናፈሰው። ከወር በኋላ ሐኪሙ የከለከለውን አንድ ጊዜ ለኮሰ። ምላሱን ለበለበው፤ ጢሱም የአባቱ ሽታ አልነበረም። የአባቱ ሽታ የመጣው ክዳኑን በከፈተበት ቅጽበት፣ ካልተለኮሰው ቅጠል ነበር፤ ለካስ ልጅ ሳለ የሚያውቀው የካፖርታቸውን ኪስ ኖሯል። አሁን ማታ ማታ ከፍቶ ያሸትና መልሶ ይከድናል። ፒፓው ባዶውን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።